ክርኑ ያለቀ ሹራብ

ታላቅ እህቴ የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ትጠግናለች። ልጇ ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ፣ እህቴ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃትን ፍለጋ፣ ከሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱን መምረጥ ነበረባት። ባሏ አዲሱን ባለፎቅ ወደደ።

“የአሮጌው ትምህርት ቤት ልጆች ሹራብ ክርኑ አልቆ ነው የሚመጣልኝ። ዴስክ ላይ ተደፍተው ቢያነቡ ነው” አለችው።

“አንቺ ሴት፣ የልጄን ዕድል በክርን ልትለኪው ነው?” ብሎ ስቆ እሺ አላት።

ልጅቷ በገባች በሳምንቱ፣ “እማዬ፣ ክርኑን የሚጨርሰው ንባብ መስሎሽ ነው? ዴስኩ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው!” አለቻት።

እህቴ ክው አለች። ልጅቷ ግን አስተማሪዎቿን ወድዳ ነበርና “አልወጣም” ብላ አንገቷን ደፍታ ተማረች።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አባቷ ዛሬም “በክርንሽ ገፍተሽ አስገባሻት” እያለ በእህቴ ያሾፋል።

“እኔስ ተሳስቼ ነበር፤ የማይሳሳተውን አመስግን” ትለዋለች።