ወደ እህቴ ክፍል

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ዲሬክተሩ በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። ያጠፋሁ መስሎኝ ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ። እሳቸው ግን "ነገ ጠዋት አራተኛ ክፍል ገብተሽ ትፈተኛለሽ። ከሠራሽ እዚያው ትቀሪያለሽ። ለአባትሽ ንገሪ" ብለውኝ ሄዱ። በንጉሡ ጊዜ በእኛ በመርካቶ ልጆች ዘንድ ጎበዝ የሚለየው እንዲህ ነበር። አስተማሪው ለዲሬክተሩ ይነግራል፤ ዲሬክተሩ ልጁን ትልልቆቹ ፊት ያቆሙታል፤ ከተወጣው ክፍል አጥፎ ያልፋል።

አራተኛ ክፍል የታላቅ እህቴ ክፍል ነበር።

አባታችን ሶማሌ ተራ አቡጀዲ ይሸጣል። ራት ላይ ስነግረው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ጉርሻውን ጠቅልሎ እንደያዘ እህቴን አየት አደረጋትና "ታናሿ ከደረሰችባትማ ይቺ እዚያ ምን ትሠራለች? ሱቅ ሰው ቸግሮኛል፤ ከእኔ ጋር ትዋል" አለ። እናቴ ወጥ ጨመረችለት። እህቴ ትሪውን አንስታ ወጣች። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ አደረች።

ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፍ ላይ ታስቀምጠኝና የዕለቱን ትምህርቷን እንዳለ ትደግምልኛለች፤ ስሳሳት ጣቴን በማስመሪያ ትመታኛለች። የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ጠዋት ከእህቴ ጋር በምን አለሽ ተራ በኩል ስናልፍ የቆርቆሮ ቅጥቀጣው ጆሮ ይበጥስ ነበር። ለመነጋገር ስለማያመች ደስ አለኝ።

ዲሬክተሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት አራተኛንና ሁለት ሦስተኛን ጻፉ። "ደምሪ" ብለው ጠመኔውን ሰጡኝ። እህቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አላየኋትም፣ ግን እንደምታየኝ አውቃለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። እጄን ማንሳት አቃተኝ።

"አልተማርሽውም?" አሉ።

ጠመኔውን በመዳፌ ጨበጥኩት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ዲሬክተሩ ጠመኔውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"ታውቀዋለች፣ ጋሼ" አለች እህቴ። ቆማለች። "ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ ሠርታዋለች። ሆን ብላ ነው።"

"ማን አስተማራት?"

"እኔ" አለች። "እሷ እዚህ ከገባች አባባ እኔን ሊያስቀረኝ ነው። ለዚያ ነው ዝም ያለችው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ስታስጠናኝ በምትቆጣኝ ድምፅ፣ "ሥሪው" አለችኝ።

ሠራሁት። ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረብኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ዲሬክተሩ ሁለታችንንም ይዘውን ሱቅ ሄዱ። አባባ ለአንድ ደንበኛ አቡጀዲ እየለካ ነበር፤ ክንዱን እንደዘረጋ ቀረ።

"ትንሿን ለዚህ ያበቃት የእኛ አስተማሪ አይደለም" አሉት። "ትልቋ ናት። እሷን ካስቀሩ ትንሿንም ወደ ሦስተኛ እመልሳታለሁ። ማን ያስጠናታል?"

አባባ ጨርቁን ቀስ ብሎ አጠፈ። ደንበኛው ሳይገዛ ወጣ። እህቴ እጄን ጥፍሯ እስኪሰማኝ ጨብጣዋለች።

"እሺ፣ ይማሩ" አለ በመጨረሻ። "ግን ካርዱን አያለሁ። ትልቋ ከትንሿ በታች ከሆነች ወሬ የለም፤ እዚህ ነው የምትውለው።"

ዓመቱን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ጨረስነው። ማታ ማታ እንደ ድሮው ታስጠናኛለች፤ አንድም ነገር ደብቃኝ አታውቅም። እሷ ግን እኔ ከተኛሁ በኋላ ኩራዙን ይዛ ትቆያለች። አንድ ቀን "ለምን ተናገርሽ?" አልኳት።

"ዝም ብል ኖሮማ ማስተማር የማልችል ሰነፍ መባሌ ነበር" አለችኝ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

ካርድ ሲሰጥ እሷ ሁለተኛ ወጣች፤ እኔ አምስተኛ። አባባ ማንበብ ስለማይችል ለጎረቤቱ ነጋዴ ሰጥቶ አስነበበው። ሰምቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። የሱቁን ነገር ዳግም አላነሳም። እህቴ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ፣ ካርድ በሚሰጥበት ቀን፣ እስኪነበብ እህል አትቀምስም ነበር።