ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው አይታችኋል?

ሰው ሁሉ ከመተማ ወደ ሱዳን የሚወጣው ጨለማን ተገን አድርጎ ነው። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ወጣሁ፤ ምን ላድርግ፣ በዚህ ወገቤ በጨለማ ድንጋይ ቢያደናቅፈኝ ማን ሊያነሳኝ! ዋዜማውን እናቴ ጥሩነሽ ወገቤን በሰሊጥ ዘይት ስታሽልኝ አመሸችና፣ «ሂድ ልጄ። ብቻ ድነህ ቀና ብለህ የሄድክ ቀን መልእክት ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው ያቺን እሺ እስከ ዛሬ ተሸክሜያታለሁ።

አሥር ዓመት የሰሊጥ ጆንያ ከመጋዘን መኪና ላይ ስጭን ነው የኖርኩት። በኋላ ቀጥ ብዬ ሃምሳ እርምጃ ስሄድ እግሬ እሳት የነካው ይመስል ይለበልበኝ፣ ይደነዝዘኝ ጀመር። ጎንበስ ስል ይተወኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ መሄድ ለመድኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ «ይቺ ጉብጠት ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ነው የመጣችብህ?» እያለ ያፌዝብኛል። እግዜር ይይለት!

ካርቱም ደህና የአጥንት ሐኪም አለ ሲባል ሰማሁ። እማዬ አህያዋን ሰጠችኝ፤ ጭነቷ ላይ ክንዴን ጥዬ ስደገፍ ሕመሙ ጋብ ይልልኛል። ሁለት ጀሪካን ጭኜ፣ ውሃ ቀጂ መስዬ ወንዙ ጋ ስደርስ አንድ ሚሊሻ አስቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«ውሃ ልቀዳ፣ ጓድ።»

«ስታናግረኝ ቀና በል!»

«ቀና ማለት ብችልማ ጓድ፣ ይሄኔ ሰሜን ግንባር ነበርኩ።»

ከት ብሎ ስቆ አሳለፈኝ። እኔም እየሳቅሁ አህያዋን ወደ ውሃው ነዳኋት። ማዶ ስደርስ የአህያዋን ፊት አዙሬ መታ አደረግኋት። ብቻዋን ቤት ከገባች እኔ ተሻግሬያለሁ ማለት ነው ብለን ከእማዬ ጋር ተነጋግረናል። ዞር ሳትል ሄደች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ካርቱም ሐጃ ዘይነብ የምትባል ባልቴት ቤት አንድ አልጋ ተከራየሁ። ከመተማ ማዶ፣ ገላባት ስላደገች አማርኛ ትሞክራለች።

«በሽተኛ ነህ?» አለችኝ።

«ወገቤን ነው።»

«ቤቴ አትሙት። ሞት ከመጣ ቀድመህ ንገረኝ፣ አልጋውን አወጣለሁ።»

የመተማን ሙቀት ያየ ምን ይፈራል ብዬ ነበር፤ ለካ የመተማው ሙቀት የካርቱሙ ታናሽ ወንድም ኖሯል! ኪስራ የሚሉትን የማሽላ ቂጣቸውንም እንጀራ መስሎኝ ጠቅልዬ ጎረስኩት፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለው፣ ወጥ አይዝ። ቤቴ አትሙት ያለችኝ ራሷ ሐጃ ናት ሐኪም ቤት ወስዳ ያስተረጎመችልኝ።

«መቼ ይሻልሃል?» አለኝ ሐኪሙ።

«ጎንበስ ስል።»

ራሱን ነቀነቀ። ነርቭ የሚያልፍበት የወገቤ አጥንት ክፍተት ጠቧል፤ ጎንበስ ስል ትንሽ ሰፋ ይላል። «ወገብህን ሰፊ አድርጌ አልከፍተውም» አለኝ፤ «የአውራ ጣት አንጓ በምታህል ቀዳዳ ገብቼ ነርቩን የሚጫነውን አነሳለሁ።»

ወገቡን የተነካ ሰው ሽባ ሆኖ ይቀራል ሲባል ነው ያደግሁት። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ይባስ ብሎ ዘመድ ይፈርም አሉ። እዚያ አገር ማን አለኝ? ሐጃ እስክሪብቶውን ቀማችና «እኅቱ ነኝ» አለች።

ጸሐፊው ግራ ገባው። «እሱ ሐበሻ፣ ክርስቲያን! እንዴት ሆኖ?»

«አባታችን መንገደኛ ነበር» ብላው ፈረመች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን አስነሱኝ። የክፍሉን በር የላይኛውን መቃን አየሁት፤ ከመጣሁ ጀምሮ በየትኛውም በር ስገባ ያየሁት ደፉን ብቻ ነበር። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሐጃም አብራኝ አለቀሰች።

ለእማዬ መዳኔን የሚነግር ሁለት ደብዳቤ በሰው እጅ ላክሁ። ከሱዳን የመጣ ወረቀት ኬላ ላይ ቢያዝ ሰላይ ያሰኛል፤ ተሸካሚዎቹ ፈርተው ቀደው ጣሏቸው። ከባድ እንዳላነሳ ስለተነገረኝ ለድንበሩ ቀረብ ወዳለችው ገዳሪፍ ሄጄ የሰሊጥ ገበያ ሚዛን ላይ ተቀጠርኩ። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ የመተማ ነጋዴ ሚዛኑ ጋ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ? ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? የእማማ ጥሩነሽ ልጅ ነው። በየገበያው ቀን ወንዙ ዳር ተቀምጠው የሚሻገረውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ሰዉም አላየንም ይላቸዋል።»

ሚዛኑን ትቼ ተጠጋሁት። «እኔ ነኝ» አልኩት።

«ተው፣ በእናት አይቀለድም! እሳቸው ያሉኝ ጎባጣ ነው።»

«ድኜ ነው!»

«እኔስ ልመንህ። የሌላ ሰው ልጅ ነው ያየኸው ቢሉኝስ?»

ሌላ ምን ላድርግ? ገበያው መሃል ክንዴን አህያዋ ላይ እንደጣልኩ ሁሉ ዘርግቼ፣ ጎንበስ ብዬ ሄድኩለት። ሰው ይስቃል። ስመለስ የነጋዴው ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ልክ ነህ» አለኝ። «እሳቸውም እንዲሁ ጎንበስ ብለው ነው አካሄድህን የሚያሳዩን።»

በዚያ ዕድሜዋ! በዚያ ወገቧ!

ነጋዴው በሰኔ ሄደ፤ ክረምቱ መንገዱን ዘጋ፣ ከዚያም ጦርነቱ ዘጋው። ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም። እናንተ በመተማ የምታልፉ፣ ወንዙ ዳር ጎንበስ ብላ የሰው አካሄድ የምታሳይ አሮጊት ካገኛችሁ፣ አይተነዋል፣ ቀና ብሎ ይሄዳል በሏት። እሷም ቀና ትበል።