እትዬ ፈትያ የወረሱት ምድጃ

ልጅ እያለሁ፣ ጅቡቲ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ ምድጃ የሚተከልበትን ቀን እንደ ኢድ ነበር የምንጠብቀው። እስከዚያ ድረስ እናቴ የምታበስለው በላምባ ነበር። ሩዙ ላምባ ላምባ ይላል፤ ትምህርት ቤት የምይዘው ደብተር ሳይቀር ይሸታል።

አባቴ ቡላኦስ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ዕቃው የሚመጣበት የእንጨት ሳጥን ተፈልጦ ማገዶ ስለሚሆን እንጨት አይቸግረንም። ቢሆንም እናቴ ምድጃ ባለች ቁጥር «ጅቡቲ ራሷ ምድጃ አይደለች እንዴ? ሌላ ምን አስፈለገሽ?» እያለ ይስቅባታል። በመጨረሻ ግን ተሸነፈ። ከላይ ድስት የሚጣድበት፣ ከሥሩ ዳቦ የሚጋገርበት፣ ከበርሜል የተበየደ ምድጃ በጋሪ አስጭኖ መጣ።

መደቡን የሠራነው እኔና እናቴ ነን። ጽጌ የምትባል የእናቴ ጓደኛ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትኖር ነበር። አሠሪዎቿ መታጠቢያ ቤታቸውን ሲያድሱ ጣይው ያሏትን የሴራሚክ ስብርባሪ፣ ዓርብ ዓርብ ስታርፍ በዘንቢል ታመጣልናለች። በብሎኬትና በሲሚንቶ መደቡን ከፍ አድርገን፣ ሰማያዊውን ከነጩ እያገጣጠምን ለጠፍነው። ሲሚንቶው ጣቶቼን ላጣቸው። ጭሱ ሰው ቤት እንዳይገባ ቱቦውን ከጣሪያው በላይ አሳለፍነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ፈትያ፣ እንደኛው የድሬዳዋ ሰው፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ማሻአላህ፣ እጃችሁ ይባረክ» ይሉን ነበር። እሳቸው ሳይፈቅዱ አንዲት ሴራሚክ አልለጠፍንም።

የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ በራችን ላይ ሰበሰበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእትዬ ፈትያ ድርሻ ተቋርጦ አያውቅም። ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልዬ የማደርስላቸው እኔው ነበርኩ።

ሴትዮዋ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ የኛ ክፍሎች አስፈለጓቸው። እፈልገዋለሁ ቢሉን ማን ይከለክላቸዋል? እሳቸው ግን «ጭሳችሁ ግድግዳዬን አከሰለው፤ ወይ አፍርሱት ወይ ልቀቁ» አሉን። አልበቃቸውም፤ ቤቴን አበላሹት ብለው በየበሩ አወሩ። ግድግዳው ነጭ ነበር! በመዳፌ ዳብሼ መዳፌን አይቻለሁ። ይህንን ለአባቴ ስነግረው «ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ ትልቅ ሰው አይዋረድም» አለኝ። ትልቅ ሰው ሲዋሽስ?

በምንለቅበት ቀን እናቴ ቱቦውን መፍታት ጀመረች። እትዬ ፈትያ ከቤታቸው ወጡ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምድጃዬን ልወስድ ነዋ።»

«የተተከለ ነገር የቤቱ ነው። ተይው።»

«አፍርሺው ብለውኝ አልነበር?»

«ያን ጊዜ ነው። አሁን ተይው አልኩሽ።»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ከአገር ልጅ ጋር መካሰስ ነውር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። መፍቻውን ከእጇ ተቀበላትና መሬት ላይ አስቀመጠው። ጎረቤቶቻችን፣ ያንን ዳቦ ሲበሉ የኖሩት ሁሉ፣ ቆመው አዩን። እናቴ ዕቃችን የተጫነበት ጋሪ ላይ ወጥታ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። እስከ አዲሱ ቤታችን ድረስ አልገለጠችውም።

አባቴ ካረፈ በኋላ፣ እኔም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ እትዬ ፈትያ የልጅ ልጃቸው ሲወለድ ጠሩን። እናቴ ካልሄድን ብላ ይዛኝ ሄደች። ያ ግቢ ምንም አልተለወጠም። ትኩስ ዳቦ ቀረበና እንግዶቹ ሲያመሰግኑ፣ እትዬ ፈትያ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «ያንን ምድጃ እኮ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» አሉ።

«እትዬ ፈትያ» አልኩኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ምድጃው የእናቴ ነው። እርስዎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያዩን።»

ሴትዮዋ «ያኔ ልጅ አልነበርሽ፣ ምን ታስታውሻለሽ» ብለው ሊስቁ ሞከሩ፤ አብሯቸው የሳቀ ግን አልነበረም።

ዛሬ እናቴ የምታበስለው በጋዝ ነው፤ ክብሪት ጫር ማድረግ ብቻ። ቤቱም የራሳችን ነው፣ ማንም አፍርሱ አይለንም። ያኔ ላብና ጭስ ነበር፣ ግን እንደዚያ ያለ ዳቦ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ያኔ ደግሞ ዝም በይ ስባል ዝም እል ነበር፤ አሁንም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ያን ቀን ከእትዬ ፈትያ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የእናቴን ቁጣ እየጠበቅኩ ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ «አባትሽ ቢኖር ይቆጣሽ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም እጄን ያዘችና እስከ ቤት ድረስ ሳትለቀኝ ሄደች።