የኔታ ያስለጠፉት ቴምብር

ቴምብር ነጋዴው ፖስታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በማጉያ መነጽር ሲመረምር ቆየና አንዱን ለይቶ አነሳ።

"እማማ፣ ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች" አለኝ። "ላኪው ሙሉውን ከፍሏል፤ መካነ ሰላም ፖስታ ቤት ደግሞ የዕዳ ቴምብር ደርቦበታል። እንዲህ ያለ ስህተት እምብዛም አይገኝም። ብቻ እንዳይልጡት፤ ከፖስታው ከተላቀቀ ዋጋ የለውም።"

እንዳይልጡት ይለኛል። እኔ እሱ ሳይወለድ ነው ቴምብር መሰብሰብ የጀመርኩት። የዕዳ ቴምብር የሚለጠፈው ላኪው ሳይከፍል በላከው ደብዳቤ ላይ ነው፤ ተቀባዩ ሒሳቡን ከፍሎ ይወስዳል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የቅኔ መምህር ስለሆኑ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዲያቆኑ ታላቅ ወንድሜ ከገበያ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከማሰልጠኛው ያለ ቴምብር ላከልን፤ አጥቶ ነው። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ከመሳቢያው ሥር ከንጉሡ ዘመን የተረፈ የዕዳ ቴምብር አውጥቶ ለጠፈበት። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም ነበርና ደስታዬን ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሆን ብሎ ቴምብር መለጠፍ ተወ።

"ደመወዝ የሚበላ ወታደር ለቴምብር አጣ?" ይላሉ አባቴ በየጊዜው። እያጉረመረሙ ይከፍሉና ፖስታው እንዳይጨማደድ በሁለት እጃቸው ያቀብሉኛል።

ኋላ ደብዳቤው ቀረ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጥቶላችኋል ተባልንና አብረን ሄድን። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ እንደ ልማዳቸው ሳንቲሙን በመስኮቱ ዘረጉ።

"አብሽሩ የኔታ፣ ዛሬስ የሚከፈል የለም። ሙሉ ቴምብር አለው" አላቸው ሠራተኛው፣ ደስ እንዲላቸው ብሎ።

አባቴ እጃቸውን አልሰበሰቡም። ፖስታውን አየሁት፤ ጽሕፈቱም የሌላ ሰው ነው። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ዝንብ ጉንጬ ላይ አርፋ እንኳ አላባረርኳትም።

"ለጥፍበት" አሉት አባቴ።

"ኧረ የኔታ፣ ሒሳብ የለበትም እኮ።"

"ግድ የለህም ልጄ። እንደ ወትሮው ለጥፍበት።"

ሠራተኛው ወደ እኔ አየ። ቴምብሩን በምላሱ አርጥቦ ለጠፈና ማኅተም መታበት። አባቴ ፖስታውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት፤ ቤት እስክንደርስም አላወጡት።

የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጠርዙን እንዳላበላሽ በምላጭ። የጻፈው የወንድሜ ጓደኛ ነበር፤ የት እንደሞተ እንኳ አይልም።

ነጋዴው አሁንም ፖስታውን እንደያዘ ነው።

"የፖስታ ቤቱ ስህተት ነው፣ አይደል?"

"አዎ፣ ስህተት ነው" አልኩትና ከእጁ ተቀብዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።