ያልተነቀስኩት ድድ

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ የልጅ ልጄ ሕይወት የጨውን ዕቃ ከፊቴ አነሳችው። «እማማ፣ በእርስዎ ዕድሜ ጨው ጠላት ነው» አለችኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። የሌላው ሰው ጠላት ከሆነ ይሁን፣ ለእኔ ወዳጄ ነው። ለምን እንደሆነ ነገርኳት።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ። ከእናቴ ጋር ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተልን እንኖር ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ቀበሌ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው።

በዚያ ክረምት እንዝርቱ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል፤ የበላሁት ይወጣል፤ ቀሚሴ ሰፋኝ። ከሰፈር ወጥቼ እስክመለስ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ እቀመጣለሁ። የሚገርመው ግን ጨው አማረኝ። ሰው ማር ያምረዋል፣ ጥሬ ሥጋ ያምረዋል። እኔ ጓዳ ገብቼ የአሞሌ ስባሪ እንደ ከረሜላ እመጥጥ ነበር። የእርጥብ ባሕር ዛፍና የተጠበሰ እሸት በቆሎ ሽታ በመጣ ቁጥር፣ እስካሁን ድረስ ምላሴ ላይ ጨው ጨው ይለኛል።

አንድ ቀን የሆነ ነገር አሳቀኝና እናቴ ድዴን አየችው። ጠቁሯል።

ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ድዷን በመርፌና በጥላሸት ትነቀስ ነበር። ይህ ግን እናት ፈቅዳ፣ ልጅቷ ለጋብቻ ስትታሰብ የሚሆን ነው። ተደብቃ የተነቀሰች፣ በዚያ ላይ የሚያስመልሳት፣ በዚያ ላይ አምሮት ያለባት ልጅ ምን እንደምትባል እናቴ ወዲያው ደምራ ጨረሰችው።

«ለማን ብለሽ ነው የተነቀስሽው?»

«አልተነቀስኩም።»

«ድዴ ራሱን ነቀሰ በይኛ።»

«እማዬ፣ በማርያም…»

«ማርያምን ከዚህ ነገር አውጪያት።»

ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። እኔ መሞቴ ነው ብዬ ፈርቻለሁ፤ እሷ የፈራችው ሌላ ነው። በመጨረሻ የሰፈሩን ድድ ሁሉ ወደነቀሰችው ወደ እትዬ ድንቄ ሄዳ በሯ ላይ ስድብ አወረደችባት። እትዬ ድንቄ ጋቢዋን ደርባ ቤታችን መጣች። መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣኝ ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ገለበጠች። ጉንጬን ከውስጥ አየች። መዳፌን ዘረጋችው፤ መስመሮቹ ከሰል የተነካኩ ይመስላሉ።

«ይሄ የእጅ ሥራ አይደለም» አለች። «እኔ ስነቅስ አንድ ወጥ ነው። ይሄ እንደ ነብር ዝንጉርጉር ነው። ደግሞ ጉንጭ ውስጥ የሚነቅስ የት አይተሻል? አንቺ ሰው ስትሰድቢ ልጅሽ ከውስጥ እየጠቆረች ነው። ነገ ሐኪም ቤት ትወስጃታለሽ፤ አለዚያ እኔ እወስዳታለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ትፈልግ ጀመር። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ነበር።

በማግስቱ የቀበሌውን የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዘን ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው። አፌን ከፍቶ «ድድሽን የት ተነቀስሽ?» ሲለኝ እትዬ ድንቄ ቀደመችኝ።

«ንቅሳት የእኔ ሙያ ነው ዶክተር። ይሄ ንቅሳት አይደለም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አስተኝቶም አቁሞም የደም ግፊቴን ለካ። ከዚያ «ጨው ያምርሻል?» አለኝ።

ማንም ሳይነግረው አወቀው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። «እመጥጠዋለሁ» አልኩት።

ደም ወሰዱ፤ አልጋ ሰጡኝ፤ ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ በክንዴ አስገቡልኝ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ከኩላሊትሽ በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባል ነገር ያመርታሉ፤ ያለ እሱ ሰው አይቆምም። ያንቺዎቹ ሥራ አቁመዋል። የድድሽ መጥቆርም የጨው አምሮቱም ከዚያ የመጣ ነው። ክኒን ዕድሜ ልክሽን ትውጫለሽ። ከዋጥሽ ትኖሪያለሽ።»

«ታዲያ እርጉዝ አይደለችም?» አለች እናቴ።

«አይደለችም።»

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ቃሉን ወረቀት ላይ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ኮ፣ ር፣ ቲ፣ ሶ፣ ል። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ስለ ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በሽታ ተገኘብሽ ተብላ እንደ ሠርጓ ቀን የፈነጠዘች ልጅ ብትኖር እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ የእንጦጦ ማርያምን ዳገት አንዴም ሳልቀመጥ ወጣሁት። እናቴና እትዬ ድንቄ ከኋላ ሆነው «ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ» ይሉኛል፤ አልሰማሁም።

እናቴ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። በየማለዳው ግን መስኮቱ አጠገብ ከንፈሬን እየገለበጠች ታይ ነበር። አንድ ቀን «ለቋል» አለች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ለነገሩ ያምርብሽ ነበር።»

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። እናቴ ወዳኝ፣ ፈርታልኝ፣ ያላየችውን፣ ያቺ የተሰደበች ሴት ሥራዋን ጠንቅቃ ስለምታውቅ አየችው። ጠዋት ክኒኔን ስውጥ ነፍስሽን ይማረው የምለው ለእትዬ ድንቄ ነው።

ሕይወት ሰምታ ስትጨርስ የጨውን ዕቃ ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ጠጋ አለችና «እስኪ ያሳዩኝ» አለች። ከንፈሬን በአውራ ጣቴ ገለበጥኩላት።

«ምንም የለም እኮ» አለች። ቅር ያላት ትመስል ነበር።