ለአባቴ የተጠቀለለው ጉርሻ

አባቴን ለዓመታት ያሠቃያቸው የሆድ ሕመም አንኮበር ጠበል ገብተው ሰባት ቀን ሲጾሙ ለቀቃቸው። አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። ስንወጣ አንዲት መነኩሲት ለብቻዬ ጠርተው፣ «አባትሽ ርቦታል፣ እኔን አይሰማኝም፤ አንቺ ጠብቂው። እስከ ሦስት ቀን ድረስ ከአጥሚት ሌላ ከቀመሰ ትቀብሪዋለሽ» አሉኝ።

ጎረቤላ አክስቴ ቤት ስንደርስ በግ ታርዶ ጠበቀን። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር አልችልም። አክስቴ ትልቅ የጥብስ ጉርሻ ጠቅልላ፣ «በሞቴ፣ ወንድም ጋሼ!» አለች። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። አንገቴን በመሃላቸው አስግጌ ጉርሻውን በአፌ ነጠቅኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ከታመመ አባትሽ አፍ?» አለች አክስቴ፣ እጇ እንደተዘረጋ።

ልነግራት ፈለግሁ፤ አፌ ግን ሞልቶ ነበር።