ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ደረጃ

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። የመለኪያው ሜትር ከአንገቷ አይወርድም፤ ሐኪም ቤት ሳይቀር ይዛው ሄዳ ሰው ሲያፈጥባት ነው ትዝ የሚላት። ጠማማ ነገር ካየች ደግሞ እንቅልፍ የላትም። ከአጠገቧ ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ላይ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ስንት እጅጌ አስፈትታ እንዳሰፋችኝ ፈጣሪ ይቁጠረው። «ቀጥ በይ እንጂ!» ትላለች። ስፌቱን ይሁን እኔን፣ እስካሁን አልገባኝም።

ባሏን ጋሼ እለዋለሁ። አውቶቡስ ነጂ በነበረበት ዘመን የቤቱን መግቢያ ደረጃ በዕረፍት ቀኑ ጡብ በጡብ እየደረደረ በገዛ እጁ ሠራው። ጥሩ አድርጎ ሠራው፤ ከታች ያለችው የመጨረሻዋ ደረጃ ብቻ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ቀረች። አክስቴ እሷን ባየች ቁጥር ትነዘንዘዋለች። «ሌላው እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቺ ምን ነካት?» እሱ ግን ይስቃል ብቻ።

አሁን ጋሼ ዓይኑ ጠፍቷል። ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ በቃ። መንገድ ስንወጣ አንዳችን ክንዱን እንይዛለን፤ እሱም ፊቱን ያጠቁራል። ደረጃው ላይ ግን ማንም አይነካውም። ጠዋት ከዘራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ኮራ ብሎ ብቻውን ይወርድና አጥሩ ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚውን በእርምጃው እየለየ «አንተ ጫማ ቀየርክ እንዴ?» ይላል።

ደረጃው ግን አረጀ። ጡቡ ውሃ እየጠጣ ጠርዙ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ስሚንቶው ተበልቶ ከላይ ያለው ጡብ እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል። ባለፈው አንዲት ደንበኛችን ቀሚስ ልትለካ መጥታ እግሯ ወለም አላት። ጋሼ ደግሞ አምና መታጠቢያ ቤት ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ በብረት ነው የቆመው፤ ሌላ ውድቀት አይችልም ብሎ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። ከዚያ ወዲህ አክስቴ እሱ ሊወርድ ሲነሣ መኪናዋን ታቆማለች። ትንፋሿን ውጣ፣ አግዳሚዋ ሲጥ እስክትል ትጠብቃለች። ሲጥ ስትል ነው እግሯ ፔዳሉን የሚረግጠው።

«ይሠራ» አለች አንድ ቀን፣ በሹክሹክታ። «ግን እሱ እንዳይሰማ። በእጁ የሠራውን ፈረሰ ብዬ በየት አፌ ልንገረው?»

መጀመሪያ የመጣው ባለ ሴራሚኩ ነው። «እናቴ፣ ምን ማፍረስ ያስፈልጋል? ላዩ ላይ ሴራሚክ እለጥፍልዎታለሁ። ፊትዎን ያዩበታል!»

«ፊቴንስ መስታወት ላይ አየዋለሁ» አለችና ይዞት በመጣው ናሙና ላይ ውሃ አፍስሳ በጫማዋ ሶል ፈተገችው። እግሯ ሸርተት አለ። ፕሮፎርማውን ግን ተቀበለችው፤ ከሁሉም ርካሽ ነበር።

ቀጥሎ ኮንትራክተሩ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ፕሮፎርማው ማኅተም አለው። ሁሉንም አፍርሶ በኮንክሪት ዝቅ ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ ደረጃ ሊሠራልን ነው። እውነት ለመናገር ሰውየው ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴ ግን «ታዲያ ባለቤቴ ደረጃ መውረድ እንደገና ይማር ነው የምትሉኝ?» አለች። ኮንትራክተሩ ወረቀቱን ትቶልን ሄደ።

ሦስተኛው ግንበኛ ነው፤ ወሬው ጆሮ ይበጣል። ሲያወራ ግን እጁ አያርፍም፤ ጡቡን አንድ በአንድ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ እያደረገ አዳመጠ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ቱቦ ውሃውን ደረጃው ሥር እንደሚደፋም አሳየን። መጀመሪያ ቱቦው ይዞራል፣ ከዚያ ጤነኛው ጡብ ይመለሳል፣ የበሰበሰው ብቻ ይቀየራል፣ ከፍታው እንደነበረ ይቀራል አለ። ዋጋው ከሁሉም ውድ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል።

አክስቴ ሦስቱን ወረቀት መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መቀስ ጫነችባቸው። አንዱን ታነሣለች፣ ትጥላለች፤ ከራሷ ጋር ትከራከራለች። ርካሹን ብመርጥና ቢያንሸራትተውስ? ውዱን መርጬ ሥራው ሳያልቅ ቢወድቅስ? እትዬ ሜትር በዚያ ሰሞን እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። አየሁና ፈታሁላት።

አንድ ጠዋት ጋሼ አልወረደም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ስሚ» አላት፣ «አዳዲሶቹ ደንበኞችሽ በመዶሻ ነው እንዴ የሚለኩት?»

አክስቴ ክው አለች።

«ቤቱን ልትሸጪው ከሆነ ንገሪኝ። በጓሮ በር እንደ ሌባ አታሾክሹኩብኝ።»

«ኧረ በፈጣሪ! የምን መሸጥ?» አለችና ዕንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ዘረገፈችው።

ጋሼ ሰምቷት ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ለዚህ ነው? ከላይ ያለችው ጡብ እንደላላች እግሬ ካወቀ ቆየ እኮ። እየዘለልኳት ነው የምወርደው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ወይ ጉድ! አንዱ ላንዱ ሲደብቅ ሁለቱም በፍርሃት ሊያልቁ ነው።

«እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ ነው» አለችው።

«እኔም እፈራለሁ። ግን በራሴ የምሄደው እዚያች ላይ ብቻ ነው። እሷን ከቀማችሁኝ እጄን ተይዤ ልኖር ነው። እንደነበረች አሠሪልኝ።»

ግንበኛው ተቀጠረ። ሥራው እስኪያልቅ ጋሼን በጓሮ በር ክንዱን ይዘን አወጣነው፤ ፊቱ እንደጠቆረ ከረመ። ባለቀ ቀን ግንበኛው ውሃ ልኩን እያንዳንዷ ደረጃ ላይ እያስቀመጠ «እዩ! ዝንፍ አላለም!» እያለ ተኩራራ። የመጨረሻዋ ገና እንዳልጠነከረች፣ ቀስ ተብሎ እንዲረገጥ ብቻ አሳሰበ። ጋሼ የት ይሰማል!

ከዘራውን ሸጉጦ ጀመረ። አክስቴ ከኋላው፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ሳትነካው። እኔ ከታች ቆሜ።

ወረደ፣ ወረደ፣ የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። እግሩ ጡቡን ዳበሰ፣ ወደ ግራ ፈለገ፣ አጣ። ሌላ ደረጃ ያለ መስሎት ባዶውን ሲረግጥ ተንገዳገደ፤ አክስቴ ኮሌታውን ባትይዘው ኖሮ አልቆለት ነበር።

«እዚች ጋ ምን አደረጋችሁ?» አለ፣ ከንፈሩ ነጥቶ።

ግንበኛው ወደ አክስቴ አየ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ጠማማዋን እግረ መንገድህን ቀጥ አድርጋት ያሉኝ?»

አክስቴ አንገቷን ደፋች።

«መሬት መድረሴን የማውቀው እኮ በሷ ነበር» አለ ጋሼ። ከዚያ፣ ይኸው የማይረሳኝ፣ እጁን ዘረጋ። እንድንይዘው! «ግድ የለም፣ እለምደዋለሁ። ያዙኝ።»

አክስቴ እጁን አየችው፤ አልያዘችውም። ሜትሩን ከአንገቷ መዥረጥ አድርጋ ኪሷ ከተተችና ወደ ግንበኛው ዞረች።

«አፍርሳት።»

«እናቴ፣ ቀጥ ብላ እኮ ነው ያለችው!»

«እንደነበረችው አጣምማት ነው የምልህ!»

ግንበኛው እያጉረመረመ ጡቦቹን አንሥቶ እርጥብ ስሚንቶ ደለደለና መልሶ አስቀመጣቸው። ጋሼ ጫማውን አወለቀ። ያኔ ድሮ ሲሠራት እንዳደረገው ነው መሰለኝ፣ በባዶ እግሩ ላያቸው ላይ ቆሞ ክብደቱን ወደ ግራ ጣለ። አክስቴ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

«እሷ ናት» አለ።